በሣሩ ላይ ሃያ ሁለት ካስማ

የሰፈራችን ሜዳ በር በሰንሰለት ታስሮ ያየሁት ከሥራ ስመለስ ነው። አድ ሃሎም በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ባለው መጋዘን አትክልት ሳሽግ ውዬ፣ ከአውቶቡስ ወርጄ በሜዳው በኩል ማለፍ ልማዴ ነው። ልጄ ኳስ የምትለማመድበት ሰዓት ስለሆነ በአጥሩ ቀዳዳ አየት አድርጌ፣ ሁለት እግሯ በቦታው መሆኑን አረጋግጬ፣ ከዚያ ወደ ቤቴ እገባለሁ። የዚያን ቀን ግን ሜዳው ጭር ብሏል፤ በሩ ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል። ዕብራይስጥ ማንበብ የተማርኩት ካገባሁ በኋላ፣ ለዚያውም ለጥቂት ወራት ስለሆነ ጣቴን ከፊደል ወደ ፊደል እየጎተትኩ ቆምኩ። «በመሬቱ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት እስከ ሌላ ማስታወቂያ ተዘግቷል» ይላል።

ጉዳቱን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ለብቻዬ አይደለም፤ ግን መዶሻ አምጡ ያልኩት እኔ ነኝ።

የከተማው ሰዎች ሜዳው ከሣሩ ጋር የተወለደ ይመስላቸዋል። እኛ ወደዚህ ሰፈር፣ ወደ ሮቫ ዩድ-አሌፍ፣ ስንገባ እዚያ ቦታ ላይ የነበረው አሸዋ ብቻ ነው። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ዛሬ ወደዚህ ይከምረዋል፣ ነገ ወደዚያ። በተሰጣ ልብስ ላይ አሸዋ፣ በወጥ ውስጥ አሸዋ፣ በልጆች ጆሮ ውስጥ አሸዋ። ቦታውን ማንም አይፈልገውም ነበርና የእኛ ሆነ። ሰው ሲሞት የለቅሶውን ድንኳን የምንተክለው እዚያ ነበር። ሰባቱን ቀን ሙሉ ከየከተማው በአውቶቡስ የሚመጣውን ለቀስተኛ በየትኛው ሳሎን እናስቀምጠዋለን?

አሸዋ ካስማ ይውጣል እንጂ አይይዝም። አንድ ጊዜ ከሰዓት በኋላ የተነሣ ነፋስ ድንኳኑን ከነገመዱ ነቅሎት፣ ምሰሶው በአንዲት አሮጊት ትከሻ ላይ ወደቀ። ሴትዮዋ አልሞቱም፤ ግን ያ እጃቸው ከዚያ ወዲያ ሻሽ እንኳ አላሰረም። የዚያን ማዕዘን ገመድ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። «አጥብቀሽ ያዢው» ተብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድንኳን በተተከለ ቁጥር ካስማውን እየዞርኩ በእግሬ ካልነቀነቅሁ አልቀመጥም። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።

ከጊዜ በኋላ አሸዋውን ጠርገው አስፋልት አደረጉበት። ሁለት የብረት ጎል ቆመ፣ መረብ የለውም። አንድ የቅርጫት ኳስ ቀለበት ተሰቀለ፣ እሱም ወዲያው ተጣመመ። ከበሩ አጠገብ የውኃ ቧንቧ ተተከለ፤ እስከ ዛሬ ያንጠባጥባል። ትልልቆቹ ልጆቼ ጉልበታቸውን የላጡት በዚያ አስፋልት ላይ ነው። ቀጥሎ በማዕዘኑ የሲሚንቶ ሚክላት መጣ፤ የሮኬት ሲረን ሲጮህ የሚገባበት መጠለያ፣ ዓሣ የተሣለበት። ከሩቁ ጎል እስከ ሚክላቱ በር ስንት እርምጃ እንደሆነ የማውቅ ሰው በሰፈሩ ውስጥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። በመጨረሻ ሰው ሠራሹ ሣር መጣ። ረጅም አጥር፣ አራት የመብራት ግንድ፣ ሪባን መቁረጥ፣ ለልጆች ፊኛ።

ሣሩ ያምራል፤ አልዋሽም። በበጋ ግን እንደ መኪና ጎማ ይሸታል፣ እግር ይጠብሳል። በውስጡ የተበተነው ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ በልጄ ጫማ ገብቶ ቤቴ ይመጣል። ከልብስ ማጠቢያው አወጣዋለሁ፣ ከአልጋዋ አወጣዋለሁ፣ አንድ ቀን ከስኳር ዕቃ ውስጥ አወጣሁት። ያኛውን አሸዋ ጠርገው ይህኛውን ሰጡን እላለሁ።

ከሣሩ በኋላ ለቅሶው ወደ መኪና ማቆሚያው ተዛወረ። አስፋልት ደግሞ ካስማ አይቀበልም። ገመዱን በቆሙት መኪኖች ላይ እናስር ነበር። አንዱ ጎረቤት በሦስተኛው ቀን መታሰሩን ረስቶ ሞተር አስነሥቶ ወደ ሥራው ሲሄድ የድንኳኑ ግማሽ ተከትሎት እስከ አደባባዩ ደርሷል። ይህንን ሲያወሩት ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። እኔን አያስቀኝም። ከሥሩ አሮጊት ተቀምጣ ቢሆንስ?

ልጄ የመጨረሻዬ ናት፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ኳስ ትጫወታለች። ቁርጭምጭሚቷ፣ ጥርሷ፣ ፀሐዩ፣ ሲረኑ፣ የማልፈራው ነገር የለም። ውኃ ይዛ አትሄድም፤ በአጥሩ ሥር አቀብላታለሁ። «ዳይ፣ ኢማ! በቃ እማዬ! አጥሩ ላይ አትቁሚ፤ ልጆቹ ‹ፖሊስሽ መጣች› ይሉኛል» ትለኛለች። ፖሊስ የመጠጥ ውኃ ያመጣል እንዴ?

አሠልጣኟ ወጣት ሴት ናት። ሜዳው ከመዘጋቱ ከጥቂት ሳምንት በፊት ደውላ፣ ከትልቅ የሴቶች ቡድን አንዲት ተጫዋች መልማይ መጥታ የልጄን ጨዋታ እንደምታይ ነገረችኝ። በሜዳችን፣ በአንድ ጨዋታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ልጄ ያን ማታ እራቷን ቆማ በላች። ሁልጊዜ ቁጭ በይ እላታለሁ፤ ያን ቀን ግን ቆማ ትብላ ብዬ ተውኳት።

ከላያችን ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት አባት የሞቱት ከዚያ በኋላ ነው። ቀብሩ በዚያው ቀን ሆነ። የመኪና ማቆሚያው ለቧንቧ ሥራ ተቆፍሮ አፉን ከፍቷል። ወንዶቹ ወደ መቃብር ሄዱ። ድንኳን ተካዮቹ እኛ ሴቶቹ ሆንን፤ ከወንድ የቀረው ወገቤን ያመኛል ያለው የሟች የወንድም ልጅ ብቻ ነው። የሜዳው በር ክፍት ነበር።

«እዚህ ይሁን?» አለች አንዷ ጎረቤቴ።

«ታዲያ የት? ሰማይ ላይ?» አለች ሌላዋ። «ድሮስ የለቅሶ ቦታችን አልነበረም? ሣሩ ነው በእኛ ላይ የመጣው።»

ወገበ ሕመሙ ብልኃት አመጣ። «እትዬ፣ ካስማ ለምን ያስፈልጋል? በርሜል ውኃ ሞልተን ገመዱን እሱ ላይ እንሰር።»

«በርሜል ይንከባለላል» አልኩት። «መዶሻ አምጡ።»

«ሣሩ ግን...»

«ሣር ነው አላሉም? ሣር ካስማ ካልያዘ ምን ሊይዝ ነው?»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ በጆሮዬ ይሰማኛል። እኔ በተወለድኩበት አገር ድንኳን የሚተከለው ሣር ላይ ነው፤ ሲነቀል በሳምንቱ ጉድጓዱ ይደፈናል። ይህኛው በወለል ላይ የተሰፋ ምንጣፍ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጎማውን ከስኳሬ ውስጥ የምለቅም ሰው እንዴት አላውቅም? ያን ሰዓት ግን የሚታየኝ ያ ምሰሶ ነው።

በድንኳኑ ከረጢት ውስጥ እኔ የቋጠርኩበት ገመድ አለ። በየአራት ክንዱ አንድ ቋጠሮ፤ ክንዱ የእኔ ክንድ ነው። የድንኳኑ በር ሁልጊዜ ወደ ውኃ ነው የሚዞረው፤ ከመቃብር የተመለሰ ሰው እጁን ሳይታጠብ አይገባምና። ስለዚህ ከቧንቧው አሥራ ሁለት እርምጃ ቆጥሬ የመጀመሪያውን ካስማ አስመታሁ፤ ከዚያ በገመዱ እየለካን በረጅሙ ጎን ስምንት ስምንት፣ በአጭሩ ጎን በመካከል ሦስት ሦስት። ሃያ ሁለት። ከጎሉ ጀርባ ያለውን አጭር ጎን፣ ሦስቱን ብቻ፣ ለወገበ ሕመሙ ሰጠሁት። እያቃሰተ ሄደ። ልመረምርለት ስነሣ የለቀስተኛው አውቶቡስ መጣ፤ ያንኑ አንድ ጎን ሳልዞረው ቀረሁ።

ድንኳኑ ሰባቱን ቀን ነቅነቅ አላለም፤ ነፋሱም መጥቶ ነበር። «ሞያ ነው!» አሉኝ። በሁለተኛው ቀን ከኢሪያ፣ ከከተማው አስተዳደር፣ አንድ ሰው መጥቶ ፎቶ አነሣ። ሰው እያለቀሰ ስለሆነ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በስምንተኛው ቀን እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ድንኳኑ ተነቀለ፣ ሃያ ሁለቱም ካስማ ወደ ከረጢቱ ተመለሰ። ማምሻውን ሰንሰለቱን አየሁት።

ልጄ ቤት የገባችው በሩን በእግሯ ገፍታ ነው።

«ሜዳው ካልተከፈተ ጨዋታው የለም! ተሸናፊ ተብለን እንጻፋለን። መልማይዋም አትመጣም። የትኛው ደነዝ ነው ሣር ላይ ካስማ የሚመታ?»

እኔ ወጥ እያማሰልኩ ነበር። ማማሰሌን ቀጠልኩ። «ቁጭ በይና ብዪ» አልኳት።

ሽማግሌዎቻችን ነገሩን ሰሙና እንደ ወጉ ተነሡ። በድለናል፣ ስለዚህ የተበደለው ሰው ዘንድ ሄዶ ይቅርታ መጠየቅ ነው። ሦስት ሆነው፣ ነጭ ለብሰው፣ ወደ ኢሪያው ቢሮ ሄዱ። ጠዋት ሄደው ከሰዓት ተመለሱ። ታናሹን፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸውን፣ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው።

«እንዴት ሆነ አባባ?»

«ኧረ ደኅና ነው ልጄ። ይቅርታ ብለን ቆምን። አንዲት ልጅ ውኃ ሰጠችን።»

«እና ሜዳው?»

«ተበዳዩ ማነው ብለን ጠየቅን፤ አላወቁትም። አንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይልካል። ተበዳይ የሌለው በደል በዕድሜዬ አላየሁም። ይህን ሰጡን።» የስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አቀበሉኝ።

ደወልኩ። አንድን ይጫኑ፣ ሁለትን ይጫኑ። ሙዚቃ። በዕረፍት ሰዓቴ በሁለት ቀን ስንት ጊዜ እንደደወልኩ የአትክልት ሳጥኖቹ ያውቃሉ። በመጨረሻ አንዲት ሴት አንሥታ ነገሩን ባጭሩ ነገረችኝ፤ ጉድጓዶቹ ያሉበት ቦታ አይታወቅም፣ ሣሩ ይሸፍናቸዋል፣ የአንዲት ልጅ እግር ቢገባስ? ባለሙያ መጥቶ ወለሉን በሙሉ እስኪያይ አይከፈትም። ባለሙያው ከጨዋታው በኋላ ነው የሚመጣው። የሚያናድደኝ ልክ መሆኗ ነው። እኔ በእሷ ወንበር ብቀመጥ ሁለት ሰንሰለት ነበር የማስረው።

ስልኩን ስዘጋ ግን አንድ ነገር ታየኝ። ቦታው አይታወቅም ትላለች። እንዴት አይታወቅም?

ዓርብ ጠዋት ሥራ የለኝም። ባለቋጠሮውን ገመድ ከከረጢቱ አወጣሁና ወደ ሜዳው ጠባቂ ሄድኩ። ከሞሮኮ የመጡ አዛውንት ናቸው፤ ቁልፉ የሳቸው ነው፣ ለከተማው ሪፖርት የሚያደርጉትም እሳቸው ናቸው።

«ካስማውን ያስመታሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ጉድጓዶቹን ላሳይዎት።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንቺ? ልጅሽን ሹራብ ልበሺ እያልሽ አጥሩ ላይ የምትጮኺው?»

«እኔው ነኝ።»

«በሐምሌ ሐሩር ሹራብ!» አሉና ቁልፉን አነሡ።

ከቧንቧው አሥራ ሁለት እርምጃ ቆጠርኩ። ተንበርክኬ ሣሩን በጣቴ ገለጥኩ። እዚያው ነበር፤ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ። ሰውዬው ወደ ዕቃ ቤታቸው ሄደው ሙጫና ቁራጭ ምንጣፍ አመጡ። ከዚያ ገመዱን ዘረጋሁ፤ ቋጠሮ፣ ቀዳዳ፣ ቋጠሮ፣ ቀዳዳ። እኔ እያሳየሁ እሳቸው ይደፍናሉ። «ማነው መሐንዲሱ?» ይላሉ በየመሐሉ። ረጅሙ ጎን አለቀ። ሌላው ረጅም ጎን አለቀ። አንደኛው አጭር አለቀ። ከጎሉ ጀርባ ባለው አጭር ጎን አንደኛው አለ፣ ሁለተኛው አለ፤ ሦስተኛው የለም።

ገመዱን እንደገና ለካሁ። የለም። በአራት እግሬ ሄድኩ። ፍርፋሪው በጥፍሬ ሥር ገባ።

«ሃያ አንድ ደፈንን» አሉ ጠባቂው ወገባቸውን ይዘው። «አበቃ?»

አበቃ ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። አበቃ ብል ሜዳው ይከፈታል፣ ልጄ ትጫወታለች። አንድ ይቀራል ብል ምናልባት ሰንሰለቱ ይመለሳል። ደግሞ የአንዲት ልጅ ቁርጭምጭሚት ታየኝ፤ የእኔን ልጅ ጫማ ያደረገ ቁርጭምጭሚት።

«ሃያ ሁለት ነበር» አልኩ። «አንዱን አጣሁት።»

ረጅም ትንፋሽ አወጡ። እሳቸውም ተንበረከኩ። ሁለት ያረጀን ሰዎች እንደ ዶሮ መሬት ጫርን። ምንም የለም። በኋላ ተነሥተው ወደ ነጩ መስመር አዩ።

«የምትዪው ቦታ ከመስመሩ ውጪ ነው፣ ከመረቡ ጀርባ። ማንም አይሮጥበትም። ለኢሪያው እንዲህ ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ ይከፍቱታል።»

«ኳስ ልታነሣ የምትሄድ ልጅ ብትረግጠውስ?»

«እንግዲህ አንቺ ቁሚበት!» አሉ፤ ተሰላችተው ያሉት ነው።

እኔ ግን ቆምኩበት። የጨዋታው ቀን ሜዳው ተከፍቶ፣ ልጆቹ ሳይገቡ፣ በገመዱ ለክቼ ቦታዬን ያዝኩ። ዳኛው መጥቶ «እመቤት፣ ከጎል ጀርባ አይቆምም» አለኝ። «እኔ እቆማለሁ» አልኩት። ወደ ጠባቂው አየ፤ ጠባቂው ትከሻቸውን ነቀነቁ። መልማይዋ በአግዳሚ ወንበሩ ላይ ደብተር ይዛ ተቀምጣለች። ልጄ ስታየኝ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

ከዕረፍት በኋላ የልጄ ቡድን ወደ እኔ ወዳለሁበት ጎል ማጥቃት ጀመረ። የመጀመሪያው ምቷ ከጎሉ ውጪ ሄዶ ክንዴን መታኝ። ሆን ብላ ይሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ኳሷን ልታነሣ መጣች።

«ኢማ፣ ውጪ! በእግዚአብሔር! ሴትዮዋ እያየች ነው!»

«አልወጣም። እግሬ ሥር ጉድጓድ አለ።»

«የምን ጉድጓድ?»

«የካስማ። የመታሁት እኔ ነኝ። ደነዟ እኔ ነኝ። አሁን ኳስሽን ተጫወቺ።»

ኳሷን አነሣች። ጓደኞቿ «ነይ እንጂ!» ብለው ጮኹባት። ዘወር ብላ ሮጠች፤ አሥር ደቂቃ ያህል ወደ እኔ አላየችም። ከዚያ በኋላ ግን እንደ እብድ ነው የሮጠችው፤ የተናደደች ልጅ አትደክምም። በአንድ ጎል ተሸነፉ። መልማይዋ ግን ሲያልቅ ወደ አሠልጣኟ ሄዳ የሁለት ልጆች ስም ጠይቃ ጻፈች። አንዱ የልጄ ነው። ለሁለተኛ ፈተና ወደ ሮቫ ዩድ ዛይን፣ ወደ አዲሱ ሜዳ፣ ትምጣ ተባለ።

ሰው ሲበተን እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ወገበ ሕመሙ የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመ መጣ።

«እትዬ፣ ምን ነካሽ ዛሬ? ሁለት ሰዓት እንደ ችካል ቆመሽ?»

ነገርኩት። አንተ የመታኸው የሦስተኛው ካስማ ጉድጓድ ጠፋብኝ፣ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የለኝም አልኩት።

ቅርፊቱን ተፋ። «ሦስተኛውንማ አልመታሁትም። ወገቤን አሞኝ ገመዱን በጎሉ ብረት አሰርኩት። ካስማውን ወደ ከረጢቱ መለስኩት።»

እጄን አነሣሁ፤ በመካከል ልጄ ገባች። በላብ ርሳ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ሰምታ ኖሯል። እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት፣ «ስለዚህ እዚህ ጉድጓድ የለም?» አለች።

«የለም።»

«ሙሉ ጨዋታውን በከንቱ ነው የቆምሽው?»

«በከንቱ።»

«ውኃ ይዘሻል?» አለች። ሰጠኋት። ጠጥታ ስትጨርስ፣ «ዩድ ዛይን ስሄድ አትመጪም፤ ማዪልኝ» አለች። ለዚያ ሁሉ ነገር የጠየቀችኝ ካሳ ይኸው ነው። ማልኩላት፤ ምን አደርጋለሁ?

በፈተናው ቀን አልሄድኩም፤ ቃሌ ቃል ነው። የሄድኩት ከፈተናው በፊት በነበረው ዓርብ ጠዋት ነው፣ በአውቶቡስ፣ ገመዴን በቦርሳዬ ይዤ። አዲሱ ሜዳ ገና ጎማ ጎማ ይሸታል። ከጥግ እስከ ጥግ በእግሬ እየዳበስኩ ዞርኩት። ሰዎች ከሰገነት አዩኝ፤ ይዩኝ። አንድ ቦታ ላይ ስፌቱ ትንሽ ተነሥቷል፤ ለጠባቂው አሳየሁት። «ማን ላከሽ?» አለኝ። ማንም አልላከኝም አልኩት፤ እሱ ሙጫ ይዞ እስኪመለስም እዚያው ቆሜ ጠበቅሁት።